ቱርክኛ ለምትጀምሩ፦ ከስማችሁ ጀምሩ

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተሞልቷል። «ቲቸር፣ ቱርክኛ ልጀምር ነው፤ ከምን ልነሳ?» አንዱ የትምህርት ዕድል አመልክቶ መልስ ይጠብቃል። ሌላዋ ከኢስታንቡል ልብስ እያመጣች ትሸጣለች፤ ላሌሊ ገበያ ውስጥ በካልኩሌተር መነጋገር ሰልችቷታል። ሌላው እዚሁ አገር ቤት ፋብሪካ ውስጥ ከቱርክ አለቆች ጋር ይሠራል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። የድሮ ተማሪዎቼ «ይሄንንማ ተምረነዋል» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ክፍል ውስጥ ያልነገርኳችሁ ነገር አለበት።

መልሴ አጭር ነው፦ ከስማችሁ ጀምሩ።

ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ከመጣ ወዲህ የቱርክ ድራማ ያላየ ቤት ጥቂት ነው። ግን በአማርኛ ተተርጉሞ ስለሚቀርብ የተዋናዮቹን ፊት እናውቃለን፤ አንደበታቸውን አናውቅም። የተማሪዎቼ የመጀመሪያ ድንጋጤ ሁሌም ይሄው ነው፤ ድምፁ ሌላ ሆኖ ያገኙታል። እኔ ደግሞ «አይዟችሁ፣ ይሄ ቋንቋ ከምታስቡት በላይ ለእኛ ቅርብ ነው» እላቸዋለሁ። ማስረጃው ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይገኛል።

ስማችሁ ሰላም ነው እንበል። እንዲህ ትላላችሁ፦

ሜርሃባ። ቤኒም አድም ሴላም።

«ሜርሃባ» ሰላምታ ነው። «ቤኒም» ማለት የእኔ። «አድ» ማለት ስም። እኛ «ስም» ላይ «ኤ» ጨምረን «ስሜ» እንደምንለው፣ እነሱም «አድ» ላይ «እም» ጨምረው «አድም» ይላሉ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመልመድ ጊዜ ይፈጅበታል፤ የኔነቱ ምልክት ከቃሉ ጭራ ላይ መለጠፉ ይገርመዋል። እኛ ግን ከእናታችን ጋር ስንነጋገር ያደግንበት ነው። ስሜ፣ ስምህ፣ ስሙ እንደምንለው፣ አድም፣ አድን፣ አድእ ይላሉ። ስማችን «አድምዝ»፣ ስማችሁ «አድንዝ» ነው። (አድእ ስትሉ መጨረሻዋ ላይ ያለችውን «እ» እንዳትውጧት።)

እንዲያውም ይሄ «እ» ራሱ ስጦታ ነው። በቱርክ ፊደል ነጥብ የሌላት «አይ» አለች። የሌላ አገር ተማሪዎች እሷን ለማውጣት ሲታገሉ አይቻለሁ። ከእኛ ሳድስ ግን በጣም ትቀርባለች። «ልብ» ስትሉ ከ«ል» በኋላ የምትሰማው ድምፅ ናት ማለት ይቻላል። በነፃ አግኝታችኋታል፣ ተጠቀሙባት።

ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ነው» የት አለ ብላችሁ ከፈለጋችሁ የለም። «የእኔ ስሜ ሰላም» ብለው ያቆማሉ። «ቤኒም»ንም መጣል ይቻላል፤ «አድም ሴላም» ብቻውን ይበቃል። ስልክ ላይ ወይም በር ስታንኳኩ ደግሞ «ቤን ሴላም» ትላላችሁ፤ «እኔ ነኝ፣ ሰላም» እንደማለት ነው። እኛ «ሰላም ይሉኛል» እንደምንለውም «ባና ሴላም ዴርሌር» የሚል አነጋገር አላቸው።

አሁን ጥያቄው። እዚህ ጋ አማርኛ ተናጋሪ የሚያዳልጠው ቦታ አለ። እኛ «ስምህ ማን ነው?» ነው የምንለው። ስለዚህ ተማሪዎች «ማን» የሚለውን ቃል «ኪም»ን ፈልገው ያመጡና «አድን ኪም?» ይላሉ። ቱርኮች ግን «ምን» ብለው ነው የሚጠይቁት፦ «አድን ኔ?» ለእኛ ስም «ማን» ነው፣ ሰው ነው። ለእነሱ ጥያቄው «ምን» ነው። እኔ በዚህች ልዩነት ሁሌ እደሰታለሁ፤ ብቻ እናንተ ፈተና ላይ «ኔ» ብላችሁ ጻፉ።

ደግሞ ቱርክኛ ውስጥ አንተ እና አንቺ የለም። ለሁለቱም «ሴን» ነው። እሱና እሷም «ኦ» ናቸው፤ ስሙም ስሟም «አድእ»። ግን እርስዎ አለ፣ እሱም «ሲዝ» ነው። ለማታውቁት ሰው፣ ለትልቅ ሰው፣ ለቢሮ ሠራተኛ «ሲዚን አድንዝ ኔ?» ትላላችሁ። ይሄን ለአበሻ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ትልቅ ሰው አንቱ ካልተባለ ምን እንደሚከተል ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

ስማችሁን ከተናገራችሁ በኋላ ሰውየው «ሜምኑን ኦልዱም» ይላችኋል። ቃል በቃል «ደስተኛ ሆንኩ» ማለት ነው። እናንተም «ቤን ዴ» ትላላችሁ፤ «እኔም»። በቃ። በአራት አጭር ዓረፍተ ነገር ከሰው ጋር ተዋወቃችሁ።

እስካሁን የነገርኳችሁ የቋንቋ መጽሐፍ ሁሉ የሚነግራችሁ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለም። መጽሐፉ ውስጥ የሚተዋወቁት ሰዎች አህመትና አይሼ ናቸው። እኛ ደግሞ ጌታቸው፣ ጫልቱ፣ ጥላሁን፣ ፅዮን ነን።

ቱርኮች የላቲን ፊደል የያዙት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ፊደሉ 29 ነው፤ በአብዛኛው እንደተጻፈ ይነበባል። ችግሩ የእኛ ስም ፓስፖርት ላይ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ አነባበብ መሆኑ ነው። ቱርክ «ሲ»ን ሲያይ «ጅ» ብሎ ያነባታል። «ች» የሚላት ከሥሯ ጭራ ያላትን «ሲ» ነው፤ «ሽ» የሚላት ደግሞ ጭራ ያላትን «ኤስ» ነው። «ጄ»ን «ዥ» ይላታል። «ደብልዩ»፣ «ኪው» እና «ኤክስ» ፊደላቸው ውስጥ የሉም። እንግዲህ አስቡት፤ ጫልቱ «ጅሃልቱ» ትሆናለች፣ ጀማል «ዤማል»፣ ሽታዬ «ስሂታዬ»። ጌታቸውማ ምን አለፋችሁ፣ ለብቻው ችግር ነው። ሰውየው ሊሳለቅ ፈልጎ አይደለም። የተጻፈለትን አነበበ እንጂ።

አንዳንድ ስም ደግሞ ሄዶ ዘመድ ያገኛል። በረከት የሚባል ልጅ ስሙን ሲናገር ቱርኮች ፊታቸው ይበራል፤ «በሬኬት» እነሱም ጋ በረከት ነው። ዓለም እዚያም ዓለም ነው። ዮሴፍ ዩሱፍ ይሆናል፣ ዳዊት ዳቩት፣ ማርያም ሜርዬም። ሰላም የምትባል ልጅ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋታል፤ «ሴላም» እነሱ ጋ ሰላምታ ስለሆነ ስሟን ስትናገር መልሰው «ሴላም!» ይሏትና ስሟን እንደገና ይጠይቋታል። ፍቅር ደግሞ እዚያ ስትደርስ «ሐሳብ» ትሆናለች፤ «ፊኪር» ማለት ሐሳብ ነውና። አቢ ተብላችሁ የምትጠሩ ልጆች አላችሁ አይደል? «ቤን አቢ» ስትሉ «እኔ ታላቅ ወንድም ነኝ» ማለታችሁ ነው። አማን የምትባሉ ደግሞ ስማችሁ እነሱ ጋ «ኧረ በናታችሁ!» እንደሚባለው ዓይነት ቃል ነው። ይሄ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ወሬ መክፈቻ ነው።

የእኔን ስም ከላይ ታዩታላችሁ፣ ፀሐይ ነው። በ«ፀ» ይጀምራል። ቱርክኛ ውስጥ «ፀ» የለም፣ «ጥ»ም የለም፣ «ጭ»ም የለም፤ የእኛዎቹ የሚፈነዱ ድምፆች አንዳቸውም የሉም። በዚያ ላይ በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢ ማጋጠም አይወዱም። አንካራ ቋንቋ በተማርኩበት ክፍል የነበሩ ልጆችና የሰፈሩ ሰዎች አንዱ «ትሴሃይ»፣ ሌላው «ትስሃይ»፣ ሌላው «ሴሃይ» ይሉኝ ነበር። አንዲት የዶርም ጓደኛዬ ትርጉሙን ጠየቀችኝና ነገርኳት። «ታዲያ ጉኔሽ ነሽ!» አለች በደስታ። ጉኔሽ ማለት ፀሐይ ነው፣ እዚያም የሴት ስም ነው። ቆንጆ ስም ነው፤ (ያቺን «ጉ» ለማውጣት አፋችሁን ለ«ኡ» አሹሉና «ኢ» በሉ)። ግን ትርጉሙ ስሜ አይደለም አልኳት። አባቴ የሰጠኝ ትርጉሙን ብቻ አይደለም፣ ድምፁንም ጭምር ነው። አልተከፋችም። «ሴሃይ» እያለች እስክንመረቅ ድረስ ጠራችኝ። እኔም ሴሃይ ሲባል ዞር እል ነበር። «ፀ» ወደ «ሴ» ታጠፈች እንጂ ስሜ ስሜ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ፎርም ነው። ቱርክ ውስጥ ፎርም ስትሞሉ «አድእ» አለ፣ «ሶያድእ» አለ፣ «ባባ አድእ» አለ። ስም፣ የቤተሰብ መጠሪያ፣ የአባት ስም። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ የለንም። ፓስፖርታችን ላይ ብዙ ጊዜ የአያታችን ስም በዚያ ቦታ ይገባል። ስለዚህ መኖሪያ ፈቃድ ላይም ባንክም የአያታችሁ ስም ሶያድእ ይሆናል። «ሳይን» (የተከበሩ እንደማለት) ከሚለው ቃል ቀጥሎ የአያታችሁን ስም ከሰማችሁ የሚጠሩት እናንተን ነው፣ ተነሱ። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ አንካራ ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ በአክብሮት እንደተጠሩ ሲሰሙ ይስቁ ነበር።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ «የአባትሽን ስም ሁለት ቦታ ጽፈሻል» ብሎ ፎርሙን መለሰልኝ። አዎ፣ የአባቴ ስም ከእኔ ስም ቀጥሎ ፓስፖርቴ ላይ አለ፣ «ባባ አድእ» የሚለውም ቦታ ላይ አለ። ሌላ ምን ልጻፍ? ይህን ዓረፍተ ነገር ያኔ ነው በደንብ ያጠናሁት፣ እናንተም አጥኑት፦ «ኢኪንጂ አድም ባባምን አድእ።» ሁለተኛው ስሜ የአባቴ ስም ነው። እሱ ካልበቃ ይቺን ጨምሩ፦ «ቢዝዴ ሶያድእ ዮክ።» እኛ ጋ የቤተሰብ መጠሪያ የለም።

ይህን ስትሉ የሚገርመው ሰው ካለ አትፈሩ። ቱርኮችም የቤተሰብ መጠሪያ እንዲይዙ ሕግ የወጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ ለሙስጠፋ ከማል «አታቱርክ» የሚለው መጠሪያ የተሰጠውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ሰው እንደኛው በራሱና በአባቱ ስም፣ በአገሩ ወይም በሙያው ነበር የሚታወቀው። በዚያው ዓመት «ቤይ» እና «ሃንም» የሚባሉት የማክበሪያ ቃላት በሕግ ቀሩ ተባለ። ሕዝቡ ግን አልተዋቸውም። ዛሬም ሰው ሲያከብሩ የሚጠሩት በራሱ ስም ነው፤ «አህመት ቤይ»፣ «አይሼ ሃንም» ይላሉ። እኛ አቶ ከበደ፣ ወይዘሮ አልማዝ እንደምንለው ማለት ነው፣ ልዩነቱ ማክበሪያው ከኋላ መምጣቱ ነው። እትዬ የምንላትን ታላቅ ሴት እነሱ ስሟን አስቀድመው «አብላ» ይጨምሩላታል። ስለዚህ ፎርሙ በአያታችሁ ስም ቢጠራችሁም ጎረቤቱ የሚጠራችሁ በራሳችሁ ስም ነው። ያውም ስማችሁን ከነገራችሁት ነው።

ይህን ሁሉ ያጻፈኝ አንድ የድምፅ መልእክት ነው።

ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት ልጅ አሁን ኢስታንቡል ትኖራለች። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ «ጥ»ም «ቅ»ም ያለበት ነው ብላችሁ ያዙልኝ። ልብስ ስፌት ቤት ሥራ የጀመረች ቀን አሠሪዋ ስሟን ጠየቀቻት። እንደተማረችው «ቤኒም አድም» ብላ ተናገረች። ሴትዮዋ ሁለቴ ሞከረችው፣ አልሆነላትም፣ ሳቅ ብላ «ጉል እንበልሽ» አለቻት። ጉል ጽጌረዳ ማለት ነው። ልጅቷ እንደነገረችኝ ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ምሳ ሳይበሉ አታስቀምጣቸውም። «ቲቸር፣ እሺ ልበላት ወይስ ልከራከር? እንጀራዬ ነው፣ በስም ልጣላ?» ትላለች መልእክቱ ላይ።

እኔ ገና መልስ ሳልጽፍ ሁለተኛ መልእክት ላከች። አብራቸው የምትኖር ሌላ አበሻ ልጅ አለች፤ ሌላ ቦታ ትሠራ ነበር። እሷም በተሰጣት የቱርክ ስም ከዓመት በላይ ተጠርታበታለች። አንድ ቀን የሥራ ቦታዋ ደረጃ ላይ ወድቃ ራሷን ሳተች። አብረዋት የሚሠሩት ደንግጠው 112 ደወሉ። አምቡላንስ መጣ። የመጣው ሰው መጀመሪያ የጠየቀው ምን ይመስላችኋል? «ኦኑን አድእ ኔ?» ስሟ ማን ነው? ሁሉም አንድ ላይ ያንን ያወጡላትን ስም ተናገሩ። «ሶያድእስ?» ዝም። ቦርሳዋ ውስጥ መታወቂያ አልነበረም። ቤት ያሉት ጓደኞቿ ማታ ሳትመጣ ሲቀር ፍለጋ ወጡ። እውነተኛ ስሟን ይዘው ከሆስፒታል ሆስፒታል ዞሩ፤ በዚያ ስም የተመዘገበ ሰው የለም ተባሉ። ያገኟት በሁለተኛው ቀን ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች። ግን አስቡት፤ ከዓመት በላይ አብረዋት ሻይ የጠጡ ሰዎች ስሟን አያውቁም ነበር። ክፉ ስለሆኑ አይደለም። የነገራቸው ስላልነበረ ነው።

«ኦኑን አድእ ኔ?» በቱርክኛ የመጀመሪያ ሳምንት የምናስተምራት ጥያቄ ናት። ተማሪዎቼ ወደ ጎን ያለውን ልጅ እያሳዩ እየሳቁ ይለማመዷታል። ከዚያ መልእክት በኋላ እኔ እንደ ድሮው አልሰማትም።

ልጅቷ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁና ልጨርስ። አልተጣላችም። በማግስቱ ከሸሚዝ ካርቶን ላይ ቁራጭ ቀዳ ስሟን በቱርክ አጻጻፍ ጻፈችው። ጭራ የሚያስፈልጋት ፊደል ላይ ጭራ አደረገች፣ ሳድሷ ላይ ነጥብ የሌላትን «አይ» አስገባች፣ ከሥሩ ትርጉሙን በቱርክኛ ጨመረች፤ ስፌት መኪናዋ ላይ ለጠፈችው። በሻይ ሰዓት «ቤኒም አድም ቡ» እያለች አሳየቻቸው፤ «ስሜ ይህ ነው»። ቀድሞ የያዘው ሻይ የሚያመጣው ሽማግሌ ነው። አሠሪዋ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። «ጥ»ዋ «ት» ሆናለች፣ «ቅ»ዋ «ክ» ሆናለች። ይሁን። የሰው አፍ የቻለውን ያህል ቢያጥፈው ስም አይሞትም። መታጠፍ ሌላ፣ መተካት ሌላ።

በፍላጎቱ የቱርክ ስም የያዘ ሰው ካለ አልፈርድበትም። መኖር አለ፣ ሥራ አለ፣ መድከምም አለ። ለሱ ያለኝ ምክር አንድ ነው፤ በሥራ ቦታህ ቢያንስ ሁለት ሰው እውነተኛ ስምህን ከነአባትህ ይወቅ። ስልክህ ላይም የቅርብ ሰው ቁጥር ይኑር። ይሄ ከቋንቋ ትምህርት ውጭ ነው ትሉኝ ይሆናል። አይደለም።

እንግዲህ የቤት ሥራ። መጀመሪያ ስማችሁን እንደ ፓስፖርቱ ሳይሆን ቱርክ ቢያነበው እንዲገባው አድርጋችሁ በወረቀት ጻፉት። ቀጥሎ መስታወት ፊት ቁሙና ሳትቸኩሉ «ሜርሃባ፣ ቤኒም አድም» ብላችሁ ስማችሁን በአገር ቤት ድምፁ ጥሩት፤ «ጥ»ውን ከነፍንዳታው፣ ሳታሳጥሩ። ሰው ሲያበላሸው አንዴ ብቻ በፈገግታ ድገሙለት። ከዚያ የእሱን ስም ጠይቁና እናንተም በትክክል ለመያዝ ታገሉ፤ እነሱም ጋ አፋችንን የሚያስቸግር ስም ሞልቷል።

አጻጻፉ ያስቸገራችሁ ስማችሁን እዚህ ሥር ጻፉልኝ። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ በቱርክ ፊደል እንዴት እንደሚሆን አንድ በአንድ እመልስላችኋለሁ። ጌታቸዎች፣ ለእናንተ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።